ድድዎ ሲደማ መፋቂያውን አያስቀምጡ

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንዲት ተማሪዬ ናት።

እዚህ ግልገል በለስ ብዙ ልጆች ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት መፋቂያቸውን በአፋቸው እንደያዙ ነው። የመተከል ፀሐይ ገና ሳትበረታ አንዱ ወይራውን፣ ሌላው ክትክታውን እያኘከ ይመጣል፤ በሩ ላይ ሲደርሱ እንጨቱን ኪሳቸው ይከቱታል። ይህች የስምንተኛ ክፍል ተማሪም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ባለፈው ረመዳን ግን መፋቂያውን ተወች። እንድታነብ ስጠይቃት እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ትምህርት ሲያልቅ ጠርቼ ምን እንደሆነች ጠየቅኋት።

«ቲቸር፣ ስፍቅ ድዴ ይደማል። ደሙ ጾሜን እንዳያበላሽብኝ ፈራሁ። እማዬም ቁስሉ እስኪሽር ድረስ ተይው ብላኛለች። ከዒድ በኋላ ድዴን ልታስነቅሰኝ ነው» አለችኝ።

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ድዱ የሚደማ ሰው መፋቅ ማቆም አለበት፣ መድኃኒቱም ንቅሳት ነው የሚለውን ነገር እኔ በልጅነቴ ከገዛ እናቴ አፍ ሰምቼዋለሁና። መጨረሻውንም አይቼዋለሁ።

ወላጆቼ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ መጥተው በቁጥር ከሚጠሩት የፓዊ መንደሮች በአንዱ የሰፈሩ ናቸው። እናቴ ገና ኮረዳ ሳለች፣ ወሎ እያለች ድዷን ተነቅሳለች። ጎልማሳ ስትሆን ድዷ መድማት ሲጀምር ንቅሳቱ ስለደበዘዘ መሰላት። በሚደማው በኩል መፋቅ ተወች፤ በሌላው በኩል ብቻ ማኘክ ጀመረች። ሕመም ስላልነበረው ማንም ልብ አላለውም። ከዓመታት በኋላ ጥርሶቿ ተነቃነቁ። ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ክሊኒክ ሄዳ አራት ጥርስ በተለያየ ጊዜ ተነቀለላት። አራት ጊዜ ከፍላ ስትመለስ አንድም ሰው «ይህ ለምን ደረሰብሽ?» ብሎ አልነገራትም።

ዛሬ እናቴ ቆሎ አትበላም። ይህስ ይሁን። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ቁርኣን ስትቀራ ነው። መድረሳ የተማራችሁ ታውቃላችሁ፤ ሣእና ዛል የሚወጡት የምላስ ጫፍ የላይኛውን የፊት ጥርስ ጫፍ ሲነካ ነው፤ ፋእም ያለ ላይኛው የፊት ጥርስ አይስተካከልም። እኔን በልጅነቴ አፌን ይዛ መኽረጅ ያረመችኝ ሴት ዛሬ ፊደሎቿ ያመልጧታል፤ እርሷም ስለምታውቀው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትቀራው።

ድድ ለምን ይደማል?

አፋችን ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ተህዋስያን አሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ጉዳት የላቸውም። ነገር ግን ጥርስ ሳይጸዳ ሲቀር ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ ይሰፍሩና የሚያጣብቅ ስስ ልባስ ይሠራሉ። ጠዋት ስንነሣ ጥርሳችንን በምላሳችን ስንዳስሰው የሚያሙለጨልጨው ነገር ይኸው ነው። ሰውነታችንም ይህን ልባስ እንደ ጠላት ስለሚቆጥረው ደም ወደ ድዱ ያበዛል፤ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሳሳል። መፋቂያ ሲነካው ይደማል። እንግዲህ ደሙ የመጣው መፋቂያው ስለወጋው ሳይሆን ልባሱ ተጠርጎ ስላልወጣ ነው። መፋቂያውን ስናስቀምጥ ልባሱ ይጨምራል፤ ልባሱ ሲጨምር ደሙም ይጨምራል። እናቴ የገባችበት አዙሪት ይህ ነበር።

ነገሩ በግምት የተባለ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ ሃራልድ ሎ የተባለ የጥርስ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አሳተመ። ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች፣ አብዛኞቹም የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች፣ ጥርሳቸውን ማጽዳት ሙሉ በሙሉ አቆሙ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ታመመ። ከዚያም ማጽዳት እንደገና ሲጀምሩ በአንድ ሳምንት ገደማ ድዳቸው ወደ ጤናው ተመለሰ። መድኃኒት አልተሰጣቸውም፤ ብሩሽ ብቻ ነው። ይህ ሙከራ የድድ ሕክምናን አስተሳሰብ የለወጠ ነው ይባላል፤ እኔም ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

በሽታው በዚህ ደረጃ ላይ ሳለ ካልተያዘ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። ልባሱ ከምራቅ ውስጥ ማዕድን እየወሰደ ይጠነክርና እንደ ድንጋይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ መፋቂያም ብሩሽም አያነሣውም፤ የሚያነሣው ባለሙያ በመሣሪያ ብቻ ነው። ድዱ ከጥርሱ እየለቀቀ ኪስ ይሠራል፤ ጤነኛ ድድ ከጥርሱ ጋር ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ የታመመው ግን ከዚያ እየጠለቀ ይሄዳል። ኪሱ ውስጥ መግል ይቋጥራል፣ አፍ ይሸታል። ከሥር ጥርሱን የያዘው የመንጋጋ አጥንት ቀስ በቀስ ይበላል። ይህ አጥንት አንዴ ከሄደ በራሱ አይመለስም። አስቸጋሪው ነገር ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሕመም አለመኖሩ ነው። ጥርስ የተበላበት ሰው ሌሊት ሲጮህ ያድራል፤ ድዱ የታመመ ሰው ግን ጥርሱ በእጁ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ተኝቶ ያድራል።

«ጥርስ መታጠብ ጥርስን ያነቃንቃል» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ድንጋዩ ሲነሣ ጥርሱ የላላ የሚመስላቸው አሉ፤ እውነቱ ግን አጥንቱ ከዚያ በፊት ተበልቶ ነበር። ድንጋዩን መተው አጥንቱ መበላቱን እንዲቀጥል መፍቀድ ነው።

ውዱእና ሲዋክ

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በኡመታቸው ላይ ማክበድ ባይሆንባቸው ኖሮ በየሶላቱ ሲዋክ እንዲጠቀሙ ያዙ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ይህን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም ቤት ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን ግን በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ስናደርግ አፋችንን ስለምንጉመጠመጥ አፋችን ንጹሕ ነው ብለን እንረካለን። መጉመጥመጥ የምግብ ፍርፋሪን ያወጣል፣ ሽታንም ይቀንሳል። የተጣበቀውን ልባስ ግን አያነሣም። ድስት ላይ የደረቀ ወጥ ውኃ ስለፈሰሰበት ብቻ እንደማይለቅ ሁሉ ይህም መታሸት ይፈልጋል። ሱንናው መጉመጥመጥንም ሲዋክንም ለየብቻ አስተምሮናል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ተማሪዬ የፈራችው የጾሙን ጉዳይ ነበርና ስለዚህም ጥቂት ልበል። ከድድ ደም መውጣቱ ብቻውን ጾምን አያፈርስም፤ ጾመኛው ደሙን መትፋትና ሆን ብሎ አለመዋጥ ነው ያለበት። ውዱእን በተመለከተ በሐነፊ መዝሀብ ደሙ ምራቁን ካሸነፈው ውዱእ ይፈርሳል፤ በሻፊዒይ መዝሀብ አይፈርስም። ሻፊዒዮች ጾመኛ ከዙህር በኋላ ሲዋክ መጠቀሙን ይጠሉታል፤ ሐነፊዮች ቀኑን ሙሉ ይፈቅዳሉ። እያንዳንዱ በያዘው መዝሀብ ዑስታዙን ይጠይቅ። ነገር ግን የትኛውም ዓሊም ከኢፍጣር በኋላና ከሱሑር በኋላ አትፋቁ አላለም። ድድ የሚታመመው ለረጅም ሰዓት ካልተጸዳ ነው እንጂ በቀን ለጥቂት ሰዓት ስላልተፋቀ አይደለም። በረመዳን ሌሊቱ የእኛ ነው።

የንቅሳቱ ነገር

ድድ መነቀስ በአገራችን ብዙ ቦታ ለውበት ይደረጋል፤ ነጭ ጥርስ በጥቁር ድድ ላይ ያምራል ይባላል። ለሕክምና የሚነቀሱም ጥቂት አይደሉም፤ ድድ ሲደማ «ጥቀርሻው ያጠነክረዋል» ይባላል። በሸሪዓችን ንቅሳት የተከለከለ መሆኑ ይታወቃል፤ ነቃሿም ተነቃሿም በሐዲስ ተወግዘዋል። በዚያ ላይ እንደ መምህርነቴ የጤናውን ነገር መናገር አለብኝ።

አንድ መርፌ ለብዙ ሰው ሲውል ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ከደም ወደ ደም ያሻግራል። ያልተቀቀለ መርፌ መንጋጋ ቆልፍ ሊያስይዝ ይችላል። ሌላም ብዙ የማይነገር ጉዳት አለ፤ የታመመ ድድ ምልክቱ መቅላቱ ነው፣ ንቅሳቱ ግን ቀለሙን ይሸፍነዋል። በሽታው ሥራውን ሲሠራ ባለቤቱ በመስተዋት አይቶ «ድዴ ደህና ነው» ይላል። እናቴም እንዲሁ ነበረች።

ትምባሆም ተመሳሳይ ማታለል አለው። ሲጋራም ሆነ በአካባቢያችን የሚጨሰው ጋያ የድድን የደም ሥር ስለሚያጠብ የታመመ ድድ እንኳ ብዙ አይደማም። አጫሹ ደም ስላላየ ጤነኛ የሆነ ይመስለዋል፤ አጥንቱ ግን ከማያጨስ ሰው ይልቅ ፈጥኖ ይበላል፣ ሕክምናውም በቀላሉ አይሰምርለትም። ወጣቶቻችን ሆይ፣ ሺሻም ከዚህ አይለይም።

በነገራችን ላይ፣ ሕፃን ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» እያሉ ድዱን በስለት ወይም በምስማር መቧጠጥ በአገራችን ገና አልጠፋም። ሕፃኑን የሚጎዳው ተቅማጡ ያስወጣበት ውኃ ነው፤ የሚያስፈልገው ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኦ አር ኤስ እንጂ ስለት አይደለም።

መፋቂያ ወይስ ብሩሽ?

የከተማ ልጆች መፋቂያን የገጠር ነገር አድርገው ሲያዩ እሰማለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 የታተመ፣ ቦ ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ላይ ያደረገው ጥናት መፋቂያና ብሩሽን አወዳድሮ፣ ልጆቹ አጠቃቀሙን ተምረው ሲፍቁ መፋቂያው ከብሩሹ እንደማያንስ አሳይቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ1980ዎቹ ልማዱ ባለባቸው አገሮች መፋቂያ እንዲበረታታ መክሯል። የዐረቦቹ ሲዋክ የሚቆረጥበት የአራክ ዛፍ በእኛም በረሃማ ቆላዎች ይበቅላል፤ ሱንናው ግን በወይራም በክትክታም ይፈጸማል።

ዋናው ነገር አፋፋቁ ነው። ብዙዎቻችን መፋቂያውን አፋችን ውስጥ ከትተን እያወራን የፊት ጥርሳችንን ብቻ ወዲያና ወዲህ እናሽበታለን፤ ይህ የሚያብለጨልጭ ጥርስ እንጂ ጤነኛ ድድ አይሰጥም። እንጨቱ እርጥብና የእርሳስ ያህል ውፍረት ያለው ይሁን። ጫፉን አኝከው ክሩ እንደ ብሩሽ ሲለሰልስ ክሩን ድድና ጥርስ በሚገናኙበት ላይ አሳርፈው ከድድ ወደ ጥርስ ይፋቁ፦ የላይኛውን ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ። በጎን በኃይል ማሸት ድዱን ይገፋዋል፣ የጥርሱንም ሥር ያጋልጣል። ከዚያ ሁሉም የሚረሳው አለ፤ የጥርሶቹ የውስጥ ገጽ፣ በምላስ በኩል ያለው። በተለይ የታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ድንጋይ ቶሎ የሚሠራበት ቦታ ነው፤ እስቲ አሁን በምላስዎ ይዳስሱት። ክሩ ሲያረጅ ቆርጠው ይጣሉት። መፋቂያ ለወንድም ለእህትም አይዋስም። ከሰል ፈጭተው የሚያሹ ሰዎችም የጥርሳቸውን ቅርፊት እየፋቁ መሆናቸውን ይወቁ።

አቅም ያለው ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዱም ከመኝታ በፊት፣ ቢቦርሽ ጥርስ ከመበላት ስለሚጠበቅ ይበልጥ ጥሩ ነው። መፋቂያውን ለየሶላቱ፣ ብሩሹን ለጠዋትና ለማታ ማድረግ ይቻላል። እኔ የማደርገው እንዲሁ ነው።

ከሌላው ይበልጥ የሚጠነቀቁ

ሰው ሁሉ እኩል አይታመምም። ከላይ የጠቀስነው ሃራልድ ሎ በስሪላንካ ጥርሳቸውን የማጽዳት ልማድ ያልነበራቸውን 480 ወንድ የሻይ ተክል ሠራተኞች ከባልደረቦቹ ጋር ለ15 ዓመት ተከታትሎ ነበር። ከመቶ 8ቱ በሽታው ገና በወጣትነታቸው ጥርሳቸውን ጨረሰው፤ 81ዱ በመጠኑ ታመሙ፤ 11ዱ ደግሞ ምንም ሳያጸዱ ከድድ መቅላት በቀር አልደረሰባቸውም። «አያቴ ሳይፍቅ ሙሉ ጥርስ ይዞ ሞተ» የሚል ሰው እንግዲህ አያቱ ከአሥራ አንዱ መሆኑን ብቻ ነው የነገረን።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፤ የታመመ ድድ ደግሞ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል፣ ስለዚህ ሁለቱን አብሮ ማከም ይገባል። ነፍሰ ጡር እናት በሰውነቷ በሚደረገው ለውጥ ድዷ በቀላሉ ያብጣል፤ ይህን ጊዜ መፋቅ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን የሚወስዱ ሰዎች ድዳቸው ሊያድግባቸው ይችላል፤ መድኃኒቱን በራሳቸው ሳያቆሙ ለሐኪማቸው ይንገሩ። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ የማይቀምስ ሰውም በቫይታሚን ሲ እጥረት ድዱ ሊደማ ይችላል። ማንጎ በሞላበት ክልል ይህ መድረስ አልነበረበትም።

የሕፃናቱ ነገር ግን ለብቻው መነገር አለበት። በምግብ እጥረት የተጎዳ፣ በቅርቡ ኩፍኝ ወይም ወባ የያዘው፣ በተለይ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ ድዱ ላይ ቁስል ቢወጣና አፉ ክፉኛ ቢሸት «ኖማ» የሚባለው በሽታ ጅምር ሊሆን ይችላል። ኖማ ከድድ ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ጉንጭን ይበላል፤ ካልታከመ ከመቶ እስከ ዘጠናውን ይገድላል። የተረፉትም ፊታቸው ተበልቶ፣ መንጋጋቸው ተቆልፎ፣ ብዙ ጊዜም «እርግማን ነው» ተብለው ተደብቀው ይኖራሉ። ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ለዓመታት ሐኪሞችን ወደ አዲስ አበባ እያመጣ የእንዲህ ያሉ ወገኖቻችንን ፊት ሲያስጠግን ቆይቷል። የዓለም የጤና ድርጅት ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። ኖማ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ገና ድድ ላይ ሳለ ከተደረሰበት ደግሞ በተራ ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት፣ በአፍ ማጠቢያና በተመጣጠነ ምግብ ይቆማል።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግጭት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ቻግኒ አቅራቢያ በነበረው የራንች መጠለያ ኖረዋል። ረሃብና ኩፍኝ ተያይዘው የሚመጡት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። የሚያለቅስ ሕፃን ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ድዱን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ተማሪዬ ቤት

ከእርሷ ጋር በተነጋገርን በሦስተኛው ቀን ከዐስር በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። እናትየው በአክብሮት ተቀብለው አስቀመጡኝ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ አልነገርኳቸውም፤ የእናቴን ነገር ብቻ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲህ መምህር፣ እስከ ዒድ ትሞክረው፤ ካልተሻላት ግን አስነቅሳታለሁ» አሉኝ። ለልጅቷ ከኢፍጣር በኋላና ከሱሑር በኋላ በቀስታ፣ ግን የሚደማውን ቦታ ሳትዘል እንድትፍቅ፣ ደሙንም እንድትተፋው አሳየኋት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካልቆመ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዷት ተስማማን።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደሙ ባሰ መሰላት፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በአሥረኛው ቀን ግን ክፍል ውስጥ እጇን ከአፏ አንሥታ አነበበች።

ለዒድ ቤታቸው ተጠርቼ ስሄድ ንቅሳቱ መቅረቱን ነገሩኝ። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ እናትየው ልጆቹን ወደ ጓዳ ላኩና ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው «መምህር፣ የእኔንስ እስቲ እይልኝ» አሉኝ። ድዳቸው ጥቁር ንቅሳት ነው፤ መቅላቱ አይታይም። የታችኛውን የፊት ጥርሳቸውን በጣታቸው ሲነኩት ተንቀሳቀሰ። መፋቂያ ብቻውን እንደማይበቃቸው፣ ድንጋዩን የሚያነሣ የጥርስ ሐኪም እንደሚያስፈልጋቸው ነገርኳቸው። ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቁኝ፤ እኔም እናቴን በሚመጣው ወር ባሕር ዳር ላሳክማት ስለምወስዳት አብረውን እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ለባለቤታቸው ነግረው መልስ ሊሰጡኝ ቀጠሩኝ።